ዲስክ ሲጠብብ ምን ይውጣ? ከምንጩ የሚገነባ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ የሰበካ ጽሕፈት ቤቶች

በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዲስኩ ሞልቷል፣ ምን እናጥፋ?» የሚል ነው። ጥያቄው በተነሣ ቁጥር የሁሉም ዐይን የሚያርፈው ትልቅ ሆኖ በሚታየው ማኅደር ላይ ነው። ትልቁ ማኅደር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የብራና መጻሕፍት፣ የንዋያተ ቅድሳትና የጥንት ሥዕሎች ፎቶግራፎች የተቀመጡበት ነው። ስለሆነም ቦታ ለማስለቀቅ በመጀመሪያ የሚታጨው፣ ከሁሉ በኋላ እንኳ ሊነካ የማይገባው ይሆናል። ኮምፒዩተሩን የሚያሠራው ሥርዓት ራሱ ያከማቸው፣ ማንም ያላየውና ማንም የማይፈልገው ብዙ ጊጋባይት ግን በስፍራው ይቆያል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው «ጄንቱ» የተባለውንና እርሱን የመሳሰሉትን፣ ከምንጫቸው የሚገነቡ የሊኑክስ ሥርዓቶች በሚጠቀሙ ጽሕፈት ቤቶች ለሚያገለግሉ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ነው። ትእዛዞቹን የሚጽፋቸው ኮምፒዩተሩን የሚይዘው ወጣት ነው። ምን ይጥፋ፣ ምን ይቅር የሚለውን መወሰን ግን የጉባኤው ኃላፊነት ስለሆነ አሠራሩን አባቶችም ሊያውቁት ይገባል እንላለን።

«ከምንጭ መገንባት» ምን ማለት እንደሆነ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስት ተጋግሮ ከገበያ አይገዛም። መገበሪያው ስንዴ ይመጣል፤ ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ በቤተ ልሔምም ይጋገራል። (ምሳሌነቱ ለአሠራሩ ብቻ መሆኑን አንባቢ ይረዳልናል።) አብዛኞቹ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ተጋግሮ እንደተሸጠ ዳቦ ናቸው፤ ተጠቃሚው ከፍቶ ይጠቀማል እንጂ ስንዴውን አያየውም። በዳንኤል ሮቢንስ ተጀምሮ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትሙ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄንቱ ግን ስንዴውን ያመጣል። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን የምንጭ ኮድ ያወርዳል፣ እዚያው ማሽን ላይ ይገነባል፣ ከዚያም ይጭናል። ይህን ሁሉ የሚመራው «ፖርቴጅ» የተባለው መሣሪያ ነው። ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ የማያስፈልገውን ክፍል ከመጀመሪያው መተው፣ አሮጌ ማሽንንም በዐቅሙ ማሠራት ይቻላል። ጉዳቱም እንዲሁ የታወቀ ነው። ዳቦ ገዝቶ የሚበላ ሰው በቤቱ ጎተራ፣ ወፍጮና ቡሃቃ አያስፈልገውም፤ ራሱ የሚጋግር ግን ለእነዚህ ሁሉ ስፍራ ሊኖረው ግድ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ላለው አጥቢያ ይህን ዓይነቱን ሥርዓት አዲስ እንዲጭን አንመክርም። ተገንብቶ የሚመጣ ሊኑክስ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ የአስተዋጽኦ መዝገብ ለመያዝና ፎቶግራፍ ለማስቀመጥ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ጭነውት በመልካም ሁኔታ የሚያገለግልበት ስፍራ ካለ፣ በደኅና ቀን የሚሠራውን ነቅሎ ሌላ መትከል ትርፉ ድካም ነው። ይልቁን በልኩ ማስተዳደር ይሻላል።

በመቐለና በዙሪያዋ ለሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ስለ ዲስክ አያያዝ በሚጻፉ መመሪያዎች ሁሉ የሚሰጠው ምክር «የወረዱትን የምንጭ ጥቅሎች በሙሉ አጥፋቸው፤ ባስፈለጉ ጊዜ እንደገና ይወርዳሉ» የሚል ነው። ምክሩ የተጻፈው መስመር በማይቋረጥበት አገር ለሚኖር ሰው ነው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። ስልኩ በመካከል ለጥቂት ወራት በከፊል ቢመለስም ኢንተርኔቱ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይመለስ ቆየ። የመንገደኞች በረራም ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ቆሞ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርገውን መደበኛ በረራ የቀጠለው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እንደዚያ ባለ ጊዜ ጎተራውን ጠርጎ የተቀመጠ ማሽን አንድ ፕሮግራም ቢበላሽበት መልሶ የሚገነባበት ምንጭ የለውም። «እንደገና ይወርዳል» የሚለው ቃል በእኛ አገር ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

አውሮፕላን ማረፊያውን ካነሣን አይቀር፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በኲሓ አጠገብ የሚገኘው ይህ ማረፊያ ስሙን ያገኘው ከራስ አሉላ እንግዳ ነው፤ አባ ነጋ የፈረስ ስማቸው ነው። ዛሬ በዚህ በር የሚገባው ሰውና ዕቃ ብቻ አይደለም። በተጓዥ እጅ የሚመጣ ዲስክም ከማንኛውም መስመር የሚፈጥን የመረጃ መንገድ ነው። አንድ ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ከአዲስ አበባ መቐለ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ በረራ ይበቃዋል። ይኸው መረጃ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ቢላክ ከ18 ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ቦታ የምንለው ሁሉ ዲስክ በእጅ እንደሚጓጓዝ ታሳቢ ያደረገ ነው።

በአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ላይ ሻንጣው የከበደበት ተጓዥ የሚያደርገውን እናውቃለን። ሻንጣውን ከፍቶ የደረሰበት አገር የሚገኘውን ዕቃ ያወጣል፤ እዚያ የማይገኘውን ያስቀራል። ትልቁን ዕቃ ፈልጎ አይጥልም። በዲስክም ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ምን ያህል ቦታ ይዟል?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ቢጠፋ ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። በግንባታ ጊዜ የተፈጠረ ጊዜያዊ ፋይል ከማሽኑ ራሱ ይመጣል። የምንጭ ጥቅል ከመስመር ወይም ከተጓዥ እጅ ይመጣል። የጽሕፈት ቤቱ ቃለ ጉባኤ ከወረቀቱ ሊመጣ ይችላል፤ በብዙ ድካም። የተሰረቀ ወይም የተቃጠለ የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ግን ከየትም አይመጣም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ምን ያህል እንደያዘና ምን ያህል እንደቀረው ይናገራል። «ዲዩ» የተባለው ደግሞ የትኛው ማኅደር ምን ያህል እንደወሰደ ይዘረዝራል። ሁለቱን ሳያዩ ማጥፋት የዕቃ ቤቱን መዝገብ ሳያገላብጡ ዕቃ እንደማውጣት ይቆጠራል።

ሲለካ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ነገር ዲስኩ ከተገዛበት መጠን ማነሱ ነው። አምራቹ 120 ጊጋባይት ሲል በሺህ እየቆጠረ ነው፤ ሥርዓቱ በ1024 ስለሚቆጥር 112 ገደማ ብሎ ያሳያል። ከዚህ ላይ በሊኑክስ ዘንድ በብዛት የሚሠራበት «ኤክስት 4» የተባለው የፋይል አደረጃጀት አምስት በመቶውን ለአስተዳዳሪው ተጠባባቂ አድርጎ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ለተጠቃሚው የሚቀረው 106 አካባቢ ነው። የጠፋ ነገር የለም፤ ሻጩንም መውቀስ አይገባም። ተጠባባቂው ሥርዓቱ የተጫነበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ማሽኑ እንዳይቆም የሚጠብቅ በመሆኑ እዚያ ላይ አይነካም። ፎቶግራፍ ብቻ የሚቀመጥበት ሌላ ክፍል ወይም የውጭ ዲስክ ሲሆን ግን ወደ አንድ በመቶ ማውረድ ይቻላል፤ በ500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ ብቻ 20 ጊጋባይት ያስገኛል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። 106 ጊጋባይት ባለው በዚህ ማሽን ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች 18፣ የአራት ከርነል ምንጮች 7፣ የወረዱ የምንጭ ጥቅሎች 19፣ ሳይጸዳ የቀረ የግንባታ ትራፊ 11፣ የሥርዓቱ የውሎ መዝገቦች 3፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰነዶች 4፣ የመጻሕፍት ፎቶግራፎች 42 ጊጋባይት ይዘዋል እንበል። ድምሩ 104 ነው፤ የቀረው ሁለት ብቻ ነው። ትልቁ ቁጥር 42 መሆኑ አያከራክርም። ወጣቱ ዐይኑን የሚጥለውም እዚያ ላይ ነው። እኛ ግን ከ11 እንጀምራለን።

ፖርቴጅ ፕሮግራም ሲገነባ ሊጡን የሚያቦካበት ስፍራ አለው፤ «ቫር» በተባለው ማኅደር ውስጥ፣ «ቲኤምፒ» ከሚለው ሥር፣ በራሱ በፖርቴጅ ስም የተሰየመ ነው። ግንባታው በሰላም ሲያልቅ ራሱ ያጸዳዋል። መብራት ሲጠፋ፣ ቦታ ሲያልቅ ወይም ግንባታው በስሕተት ሲቋረጥ ግን ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ ይቀራል። በመብራት መቆራረጥ በሚቸገር ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለው ትራፊ በየወሩ መከማቸቱ የማይቀር ነው። ግንባታ እየተካሄደ አለመሆኑን አረጋግጦ የውስጡን በሙሉ ማጥፋት ምንም ጉዳት የለውም። ከምሳሌያችን 11 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ተመለሰ።

እዚሁ ላይ ሳንጠቅስ የማናልፈው ነገር፣ የአንዳንድ ፕሮግራሞች ሊጥ ከኅብስቱ እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። እንደ ክሮሚየም ያለ የኢንተርኔት መቃኛ ወይም «ረስት» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጭኖ ሲያልቅ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በሚገነባበት ጊዜ ግን ከአሥር ጊጋባይት በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስም ከባድ ከሚባሉት ናቸው። ለእነዚህ ተገንብተው የሚመጡት ዓይነቶች በጄንቱ ውስጥም አሉ፤ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮም ጄንቱ ራሱ ለተለመዱት የማሽን ዓይነቶች የተገነቡ ጥቅሎችን በሰፊው ያቀርባል። በጠባብ ማሽን ላይ እነዚህን ከባድ ፕሮግራሞች ከምንጭ መገንባት ቦታ ያባክናል፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበላል፤ በምላሹ የሚገኘውን ጥቅም እኛ አላየነውም።

የከርነል ምንጮችም እንዲሁ ናቸው። ከርነል የሥርዓቱ እምብርት ነው። አዲስ በወጣ ቁጥር ምንጩ በራሱ ማኅደር ይዘረጋል፤ አሮጌው ግን በስፍራው ይቀራል። አንዱ ተዘርግቶ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይይዛል። አሁን የሚሠራበትንና ከእርሱ በፊት የነበረውን፣ ሁለቱን ብቻ ማስቀረት በቂ ነው። የቀደመውን ማስቀረት የሚያስፈልገው አዲሱ አልነሣ ቢል መመለሻ እንዲሆን ነው። የትኛው እየሠራ እንደሆነ «ዩኔም» የሚለው ትእዛዝ ይናገራል፤ ይህን ሳያዩ የከርነል ማኅደር ማጥፋት ከጥፋቶች ሁሉ የከፋ ነው። በምሳሌያችን 3.5 ጊጋባይት ይገኛል።

ዋናው ክርክር በጎተራው፣ ማለትም የወረዱት የምንጭ ጥቅሎች በሚቀመጡበት «ዲስትፋይልስ» በተባለው ማኅደር ላይ ነው። መመሪያው «ጥረገው» ይላል፤ የትግራይ ልምድ «አትንካው» ይላል። መካከለኛ መንገድ አለ። «ኢክሊን» የተባለው መሣሪያ በሁለት ዓይነት መንገድ ያጸዳል። ቀላሉ መንገድ በፖርቴጅ ዝርዝር ውስጥ ከነጭራሹ የማይገኙትን ያረጁ ጥቅሎች ብቻ ያወጣል። ጥልቁ መንገድ ደግሞ አሁን በማሽኑ ላይ ከተጫኑት ፕሮግራሞች ጋር የማይገናኙትን ሁሉ አውጥቶ፣ ለተጫኑት የሚያስፈልጉትን ብቻ ያስቀራል። እኛ ጥልቁን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም መስመር ቢቋረጥ እንኳ ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ከጎተራው ተመልሶ ሊገነባ ይችላል። በጥልቁ መንገድ ስንጸዳ በምሳሌያችን 19 የነበረው ወደ 8 ይወርዳል። እነዚያን 8 ጊጋባይት ግን ሳይሰስቱ ማኖር ይገባል። የሚቻል ከሆነም አንድ ግልባጭ በውጭ ዲስክ ላይ ይኑር።

መስመሩ ደካማ የሆነበት ወይም ጨርሶ የሌለበት ጽሕፈት ቤት ማሽኑን ማደስ ሲፈልግ የሚጠቅም አንድ አሠራር አለ። የፖርቴጅ ዋና ትእዛዝ የሆነው «ኢመርጅ» ምንም ነገር ሳያወርድና ሳይጭን፣ ለእድሳቱ የሚያስፈልጉት ጥቅሎች የሚገኙበትን አድራሻ ብቻ እንዲዘረዝር ማዘዝ ይቻላል። ዝርዝሩ በጽሑፍ ፋይል ተቀምጦ በፍላሽ ወደ መቐለ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መስመር ያለው ሰው ጥቅሎቹን አውርዶ በዚያው ፍላሽ ይመልሳል። ወደ ጎተራው ሲገለበጡ ፖርቴጅ የእያንዳንዱን መጠንና የማረጋገጫ ቁጥር በእጁ ካለው ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ አንዲት ፊደል የተለወጠችበትን አይቀበልም። ጸሐፊ የገለበጠውን መጽሐፍ ከተቀዳበት ጋር እያስተያየ እንደሚያርም ያለ ሥራ ነው። በሰው እጅ በተላለፈ ፍላሽ መካከል ላይ ጥቅሉ እንዳልተነካ የሚያረጋግጥልን ይህ ነው። እርግጥ ፍላሹ ራሱ ቫይረስ ያለበት ሌላ ፋይል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከጥቅሎቹ በቀር ሌላ ነገር ከላዩ አለመክፈት ይበጃል።

አልፎ አልፎ «ዲስኩ ቦታ አለው ይላል፤ ነገር ግን አንድ ፋይል እንኳ አልጽፍም ይለናል» የሚል አቤቱታ ይቀርባል። ይህ የሚሆነው ቦታው ሳይሆን የመዝገብ ቁጥሩ ሲያልቅ ነው። የፋይል አደረጃጀቱ ሲዘጋጅ ስንት ፋይል ሊመዘገብ እንደሚችል ይወሰናል፤ እያንዳንዱ ፋይል ትንሽም ይሁን ትልቅ «አይኖድ» የተባለ አንድ የመዝገብ ቁጥር ይወስዳል። የፖርቴጅ የፕሮግራም ዝርዝር ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ጥቃቅን ፋይሎች የያዘ ነው። ከዚህም በላይ በኤክስት 4 ላይ ፋይል የሚይዘው ቦታ በ4 ኪሎባይት የሚከፈል ስለሆነ ሦስት መቶ ባይት ያላት ፋይል ሙሉውን 4 ኪሎባይት ትይዛለች፤ ለአንዲት የብራና ቅጠል አንድ ሙሉ የቆዳ ማኅደር እንደመስፋት ማለት ነው። መፍትሔው ዝርዝሩን «ስኳሽኤፍኤስ» በተባለው ዘዴ ታሽጎ እንደ አንድ ፋይል ሆኖ በሚመጣው ዓይነት መተካት ነው። ከብዙ ሺህ ፋይል ይልቅ አንዲት ከመቶ ሜጋባይት ያነሰች ፋይል ትሆናለች፤ በፍላሽ ለመላክም ምቹ ናት።

የውሎ መዝገቦችን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። መጠናቸው እንዲገደብ ማዘዝ ይበቃል፤ 3 ጊጋባይት የነበረው ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይወርዳል። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እየጻፈበት ያለ መዝገብ ቢጠፋ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ቦታው እንደማይመለስ ግን ይታወቅ፤ «አጠፋነው፣ አልቀነሰም» የሚባለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን ያስለቀቅነው 28 ጊጋባይት ነው። ሁለት የነበረው ነጻ ቦታ ሠላሳ ሆነ። አንድም ፎቶግራፍ አልተነካም።

ከማጥፋት በፊት አለማምጣት ይቀድማል። በጄንቱ «ዩዝ ፍላግ» የሚባሉት ምርጫዎች የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው ክፍሉ ጋር ይገንባ የሚለውን ይወስናሉ። ማንም የማያነበው የቴክኒክ መመሪያ፣ ማሽኑ የሌለው የብሉቱዝ መሣሪያ፣ ማንም የማይናገረው የብዙ አገር ቋንቋ ሁሉ ሊቀር ይችላል፤ አማርኛ፣ ትግርኛና እንግሊዝኛ ቢቀሩ ይበቃል። ሳያስፈልጉ የቀሩትን ጥገኛ ፕሮግራሞች «ዲፕክሊን» የሚለው ትእዛዝ ያወጣል፤ በመጀመሪያ ሥርዓቱን አድሶ፣ ከዚያም የሚወጡትን ስም ዝርዝር ብቻ አሳይቶ እንዲቆም አዝዞ፣ ዝርዝሩን አንብቦ ማጽደቅ ያስፈልጋል። ቁጠባ ሲበዛም ያጠፋል። ጥቂት ሜጋባይት ለማትረፍ ብሎ አቢሲኒካንና ሌሎቹን የግእዝ ፊደላት ያወጣ ሰው በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን ሲከፍት ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ይጠብቁታል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያሳየው ፊደል ነው የጠፋው። ፊደላቱ ሲመለሱ ይመለሳል።

ወደ 42 ጊጋባይቱ እንመለስ። ሦስት መቶ ቅጠል ያለው አንድ የብራና መጽሐፍ ሁለት ሁለት ገጽ በአንድ ላይ እየተነሣ ሦስት መቶ ያህል ፎቶግራፍ ይወጣዋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሣው አንድ ምስል ሳይታመቅ በ«ቲፍ» ዓይነት ሲቀመጥ 72 ሜጋባይት ነው፤ መጽሐፉ በሙሉ 21.6 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። «ጄፔግ» በተባለው ታማቂ ዓይነት አንዱ ምስል 8 ሜጋባይት ቢሆን መጽሐፉ 2.4 ጊጋባይት ይበቃዋል። በንጽጽር፣ ያው መጽሐፍ በየገጹ አንድ ሺህ ፊደል ይዟል ብንልና ስድስት መቶውም ገጽ በኮምፒዩተር ቢጻፍ፣ በዩኒኮድ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ጠቅላላው ሁለት ሜጋባይት አይሞላም። ይህን ያነሣነው ጽሑፉ ፎቶግራፉን ይተካዋል ለማለት አይደለም። የብራናው ቀለም፣ የኅዳግ ማስታወሻው፣ የርስትና የስጦታ መዝገቡ፣ የጸሐፊው እጅ፣ እነዚህ በፎቶግራፉ ብቻ ይገኛሉ።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ግልባጭ እንዲኖር እንመክራለን። ከካሜራው እንደወጣ ያለው ዋናው ምስል ሥርዓቱ በተጫነበት ዲስክ ላይ አይቀመጥም፤ ለብቻው በተዘጋጁ ሁለት የውጭ ዲስኮች ይቀመጥና አንዱ ከአጥቢያው ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳ ቤተ ክህነቱ ወይም በሀገረ ስብከቱ ዕቃ ቤት ይጠበቅ። በጽሕፈት ቤቱ ማሽን ላይ ለንባብና ለማሳየት የሚሆነው ታማቂው ጄፔግ ብቻ ይቅር። የዋናው ምስል መኖር በሁለቱም የውጭ ዲስኮች ላይ ተከፍቶ ሳይታይ ግን ከማሽኑ ላይ ምንም አይጥፋ። በአንድ ዲስክ ላይ በሁለት ስም የተቀመጠ ፋይል ሁለት ግልባጭ እንደማይባልም ልብ ይሏል። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ያሉትን፣ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ» እየተባሉ የተደጋገሙትን የማረጋገጫ ቁጥራቸውን እያስተያዩ የሚለዩ መሣሪያዎች አሉ፤ ከ42ቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለ ጉዳት የሚቀነሰው ይህ ነው።

ግልባጭን በሁለት ስፍራ ማኖር ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ፣ ግልባጩ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ አድርጓል። ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ፕሮጀክትም በትግራይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙ ብዙ መጻሕፍት በዲጂታል ተነሥተዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው ጦርነት በክልሉ ቅርሶች ላይ ጉዳትና ዘረፋ ደርሷል። መጽሐፉ ተወስዶበት ፎቶግራፉ የቀረለት ደብር፣ ዛሬ ያ መጽሐፍ በሌላ አገር ገበያ ላይ ቢታይ «የእኛ ነው» ብሎ የሚያሳየው ማስረጃ አለው። ፎቶግራፉን ለፕሮግራም እድሳት ቦታ ሲያስለቅቅ ያጠፋ ደብር ግን የሚያቀርበው ነገር የለውም።

የውጭ ዲስክ በጉዞ ላይ ስለሚያዝበት ሁኔታ ጥቂት እንጨምር። የሚሽከረከር ሳሕን ያለው ዲስክ መውደቅን አይችልም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ይያዝ እንጂ ለጭነት አይሰጥ። በአውሮፕላን ማረፊያ ያለው የፍተሻ ጨረር ዲስክንም ፍላሽንም አይጎዳም፤ የሚያሰጋው ያልታጠበ የካሜራ ፊልምን ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እንዲህ ያለው ዲስክ የሚያነብበት ክፍል በሳሕኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ በመሆኑ አምራቾች በአብዛኛው እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠራበት መፍቀዳቸው ነው። መቐለ ከዚህ ብዙ ዝቅ ያለች ስለሆነች አያሳስብም። በከፍተኛ ተራሮች ላይ ለሚገኙ ገዳማት ግን የሚሽከረከር አካል የሌለውን «ኤስኤስዲ» መግዛት ይሻላል። እርሱም ቢሆን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ተቆልፎ ቢቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል፣ በየስድስት ወሩ ከዕቃ ቤት ወጥቶ በማሽን ላይ ተሰክቶ ይነበብ።

ዲስኮቹ እንደ ማንኛውም ንብረት በዕቃ ቤቱ መዝገብ ይግቡ፤ ቁጥር ይሰጣቸው፣ በውስጣቸው ያለው መጽሐፍ ስም በወረቀት ተጽፎ አብሯቸው ይቀመጥ። የማሽኑ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በአስተዳዳሪው እጅ ይኑር፤ ማሽኑን የሚይዘው ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ከእርሱ ጋር እንዳይሄድ። ምን ሊጠፋ እንደታሰበም ከመጥፋቱ በፊት ዝርዝሩ ታትሞ ለጉባኤው ይቅረብ፤ ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሹሙና አንድ ካህን ይፈርሙበት። ይህ ሥራውን በአንድ ቀን ያዘገየዋል። ለግንባታ ትራፊና ለአሮጌ ከርነል ፊርማ አያስፈልግም፤ ለፎቶግራፍና ለሰነድ ግን ያስፈልጋል።